የፎቶግራፍ ማተሚያ መኪና ሥዕል ሲያበላሽ፤ ከወጪ በፊት ሊደረግ የሚገባው ምርመራ

በከተማዎቻችን ፎቶ ቤት ወይም የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ከፍቶ የሚሠራ ነጋዴ ዛሬ በጠረጴዛው ላይ ቀለም እየረጨ የሚያትም አንድ መኪና አያጣም። ለፓስፖርትና ለቪዛ የሚቀርበው ጉርድ ፎቶግራፍ፥ የሠርግና የምርቃት ሥዕል፥ የሸቀጥ መለያ ወረቀት፥ ላኪው ለውጭ አገር ደንበኛው የሚልከው የናሙና ሥዕል፥ ይህ ሁሉ የሚወጣው ከዚሁ መኪና ነው። ቅዳሜ ማታ ደኅና ሲሠራ ያመሸው መኪና ሰኞ ጠዋት የደንበኛውን ፊት በነጭ መስመር ሸንትሮ ወይም አረንጓዴ አስመስሎ ያወጣ እንደ ሆነ ግን፥ ባለ ሱቁ በአብዛኛው የሚወስደው እርምጃ አንድ ዐይነት ነው። በመጀመሪያ ቀለም ይገዛል፤ ያ ካልበጀው ሄድ ያስለውጣል፤ ያም ካልሆነለት መኪናውን አውጥቶ ሌላ ያስገባል።

ይህ ልማድ ዛሬ ከወትሮው ይልቅ ውድ ሆኗል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ሁሉ የሚሸመተው በብዙ ብር ነው፤ ሄድ ደግሞ ከመኪናው ክፍሎች ሁሉ ውድ ከሚባሉት አንዱ ነው። የሚያሳዝነው ግን ተነቅሎ ከሚጣለው ሄድ ብዙው ሕመም የሌለበት መሆኑ ነው። ጉድለቱ ያለው በሌላ ስፍራ ነበረና አዲሱም ሄድ ከገባ በኋላ ያው መስመር ተመልሶ ይታያል። ስለዚህ ነጋዴው ኪሱን ከመፍታቱ በፊት አንድ ወረቀት አትሞ መኪናውን ራሱን መጠየቅ ይጠቅመዋል።

ጥያቄው እንዲገባ የመኪናውን አሠራር በጥቂቱ ማወቅ ያሻል። ሄድ የሚባለው ክፍል ከታች በኩል ከጠጉር የቀጠኑ ቀዳዳዎች የተደረደሩበት ሲሆን፥ በወረቀቱ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ቀለሙን በነጠብጣብ ይረጫል። ነጠብጣቡ የሚወጣበት መንገድ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው በሙቀት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 ዓ.ም. በጃፓን አገር የካኖን ኩባንያ ሠራተኞች የጋለ የብየዳ ብረት ቀለም የያዘ መርፌን ቢነካው ቀለሙ ተፈናጥሮ ሲወጣ አይተው ይህን ጥበብ አገኙ፤ በአሜሪካም ሂውሌት ፓካርድ የተባለው ኩባንያ በ1984 ዓ.ም. በዚሁ በሙቀት የሚሠራ መኪና ለገበያ አቀረበ። ሁለተኛው መንገድ ኤሌክትሪክ ሲነካው ቅርጹን በሚለውጥ ክሪስታል አማካይነት ቀለሙን ገፍቶ ማስወጣት ነው፤ ኤፕሰን ኩባንያ የሚሠራበት ይህ ነው። ልዩነቱ ለባለ ሱቁ የሚጠቅመው በዚህ ነው፤ በሙቀት የሚሠራው ሄድ የሚቀዘቅዘው በውስጡ በሚያልፈው ቀለም ስለ ሆነ፥ ቀለም አልቆበት እያለ ቢያሠሩት ተቃጥሎ ይቀራል። በብዙዎቹም ሄዱ ከቀለም ማኅደሩ ጋራ የተያያዘ በመሆኑ አንድ ላይ ይለወጣል። በክሪስታል የሚሠራው ግን በመኪናው ላይ የተተከለ ስለ ሆነ ብዙ ዕድሜ እንዲያገለግል የታሰበ ነው፤ እርሱን መጣል ማለት የመኪናውን ግማሽ ዋጋ መጣል ያህል ነው።

በአገራችን ፎቶ ቤቶች ዘንድ የታወቀውን ኤፕሰን ኤል 805ን ለምሳሌ ብንወስድ፥ ስድስት ቀለማት አሉት፤ እነርሱም ጥቁር፥ ሳያን የሚባለው ሰማያዊ፥ ማጀንታ የሚባለው ቀይ፥ ቢጫ፥ ፈዛዛ ሳያንና ፈዛዛ ማጀንታ ናቸው። ለእያንዳንዱ ቀለም 90 ቀዳዳዎች ሲኖሩት በጠቅላላው 540 ይሆናሉ። ትንሹ ነጠብጣብ 1.5 ፒኮሊትር ይመዝናል፤ አንድ ፒኮሊትር ማለት አንድ ሊትር ለሚሊዮን ተከፍሎ፥ ያም አንዱ ክፍል እንደገና ለሚሊዮን ቢከፈል የሚገኘው ነው። እንዲህ ባለ ረቂቅ ቀዳዳ ፊት ትንሽ የአቧራ ቅንጣት ወይም አንዲት የደረቀች የቀለም ጠብታ እንደ ትልቅ ድንጋይ ትቆጠራለች። ሁለቱ ፈዛዛ ቀለማት የተጨመሩት የሰው ፊትና ሰማይን የመሰለ ብርሃን ያለበት ስፍራ አሸዋ የተበተነበት እንዳይመስል ነው። ስለ ሆነም ፎቶግራፍ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚያስታውቁት እነዚሁ ናቸው፤ የሒሳብ ደብዳቤ ወይም ደረሰኝ ብቻ የሚያትም ሰው ግን ፈዛዛው ቀለም ቢዘጋ ወር ሙሉ ላያውቀው ይችላል።

አሁን ወደ ምርመራው እንመለስ። በመኪናው ፕሮግራም ውስጥ ኖዝል ቼክ የሚባል ትእዛዝ አለ። ይህ ትእዛዝ የእያንዳንዱን ቀዳዳ ሥራ በአጫጭር መስመሮች በወረቀት ላይ ያሳያል፤ የሚፈጀውም አንድ ተራ ወረቀትና ከቁጥር የማይገባ ቀለም ነው። መስመሮቹ ሁሉ ሙሉ ሆነው ከወጡ ቀዳዳዎቹ ጤነኞች ናቸው፤ እንግዲህ ጉድለቱ ከወረቀቱ፥ ከቀለሙ ዐይነት ወይም ከኮምፒውተሩ ትእዛዝ የመጣ ነውና ሄዱን ማጠብም ሆነ መለወጥ ከንቱ ነው። መስመሮቹ የተቆራረጡ እንደ ሆነ ግን ጉዳዩ በሄዱና በቀለሙ መንገድ ላይ ነው። የምርመራው ሁሉ መሠረት ይህ አንድ ወረቀት ነው፤ ይህን ሳያደርጉ ወደ ሌላ ሥራ መግባት የዕቃ ቆጠራ ሳያደርጉ ሸቀጥ እንደ ማዘዝ ነው።

ወረቀቱን ሲያነቡ ሁለት ነገር ልብ ማለት ይገባል። ቢጫውና ፈዛዞቹ ቀለማት በነጭ ወረቀት ላይ ለዐይን ስለሚያስቸግሩ ብዙ ሰው ‹‹ሙሉ ነው›› ብሎ ያልፋቸዋል። በእጅ ባትሪ መብራት ላይ ሰማያዊ ፌስታል ሸፍኖ ቢያበሩበት ቢጫው ጠቁሮ ይታያል። ሁለተኛውና ዋነኛው ነገር ግን ኖዝል ቼክን ሁለት ጊዜ አትሞ ማስተያየት ነው። የተቆረጠው መስመር በሁለቱም ወረቀት ላይ በዚያው ስፍራ ከተገኘ ቀዳዳው ደርቆ ተዘግቷል ማለት ነው። ክፍተቱ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ከላይ፥ በሁለተኛው ላይ ከታች ሆኖ የሚዘዋወር እንደ ሆነ ግን ቀዳዳው አልተዘጋም፤ ቀለም በበቂ አልደረሰውም ወይም በቱቦው ውስጥ አየር ገብቷል። እነዚህ ሁለቱ ሕመሞች በፎቶው ላይ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። የገንዘብ ብክነቱ ከሚመጣበት መንገድ ዋነኛው ይኸው ሁለቱን ካለመለየት ነው።

ቀዳዳው ደርቆ የተዘጋ ከሆነ ሄድ ክሊኒንግ የሚባለውን የማጽዳት ትእዛዝ መስጠት ተገቢ ነው። ነገር ግን መኪናው የሚያጸዳው ቀለሙን ራሱን በቀዳዳዎቹ እየሳበ በማፍሰስ እንጂ በሌላ ፈሳሽ እንዳልሆነ መዘንጋት አይገባም። አንድ ጊዜ አጽድቶ ኖዝል ቼክ ማተም፥ ለውጥ ካለ መድገም፥ እስከ ሦስት ጊዜ ድረስ ሞክሮ ካልተሻለ ማቆም ይሻላል። ከዚያም መኪናውን አጥፍቶ ቢያንስ 12 ሰዓት ማሳረፍ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የደረቀው ቀለም በአዲሱ ቀለም እየረጠበ ይለሰልሳል፥ አየርም ካለ ወደ ላይ ይወጣል፤ በማግስቱ አንድ ጊዜ ቢያጸዱት ትናንት አሥር ጊዜ ያልፈታው ይፈታል። ታንክ ባላቸው መኪናዎች ላይ ከዚህ የበረታ ማጽጃ ትእዛዝ አለ፤ እርሱ በቱቦው ውስጥ ያለውን ቀለም ሁሉ የሚለውጥ ስለ ሆነ ብዙ ቀለም ይፈጃል። ሁሉም ታንኮች ቢያንስ እስከ ሲሶአቸው ድረስ ቀለም ሳይኖራቸው ይህን ትእዛዝ መስጠት አየር ስቦ ማስገባት ነው፤ የነበረው ትንሽ ሕመም ትልቅ ይሆናል።

በማጽዳት የፈሰሰው ቀለም የሚጠራቀመው በመኪናው ሆድ ውስጥ ባለ እንደ ስፖንጅ ያለ መምጠጫ ላይ ነው። መኪናው የፈሰሰውን መጠን እየቆጠረ፥ መምጠጫው ሊሞላ ሲቃረብ ሥራ አቁሞ ምልክት ይሰጣል። በየሰፈሩ ‹‹ሪሴት እናደርጋለን›› የሚሉ ባለሙያዎች ቆጣሪውን ወደ ዜሮ ሲመልሱት መኪናው እንደገና ይሠራል፤ መምጠጫው ግን ሳይለወጥ ከቀረ ቀለሙ ሞልቶ በጠረጴዛው ላይ፥ አልፎም በደንበኛው ፎቶ ላይ የሚፈስስበት ቀን ይመጣል። ሪሴት ያስደረገ ነጋዴ መምጠጫውን መለወጡን ወይም ታጥቦ መድረቁን በዐይኑ አይቶ መክፈል ይኖርበታል።

ሄድን በመርፌ መጎርጎር፥ በሲሪንጅ ኀይል ውሃ መግፋት፥ ወይም ለጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በሚሸጠው ፈሳሽ ማጠብ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። በእጅ ማጽዳት የግድ ካስፈለገ፥ የተጣራ ውሃ ያረጠበው ክር የማይለቅ ንጹሕ ጨርቅ ከሄዱ ሥር አድርጎ ለጥቂት ሰዓት ማቆየት ይበቃል። የቧንቧ ውሃ ማዕድን ስላለው ሲደርቅ ደለሉን በቀዳዳው ላይ ይተዋል። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ለዚህ ይሆናል፤ ሆኖም በዚያው መደርደሪያ ላይ የሚሸጠው የባትሪ አሲድ ጠርሙሱ ይመሳሰላልና ጽሑፉን አንብቦ መግዛት ያስፈልጋል። ሄዱ የሚያርፍበትን የጎማ መክደኛና ከጎኑ ያለችውን ትንሽ መጥረጊያ ጎማ ማጽዳትም ከሄዱ ማጽዳት አያንስም፤ መክደኛው በደረቀ ቀለም ከቆሸሸ ሄዱን አጥብቆ መግጠም ስለማይችል፥ መኪናው በሳበ ቁጥር የሚስበው ቀለሙን ሳይሆን አየሩን ነው።

ቀዳዳ ለምን ይደርቃል የሚለው ጥያቄ በአገራችን የተለየ መልስ አለው። መኪናው በራሱ ማጥፊያ ቁልፍ ሲጠፋ ሄዱን ወደ ማረፊያው መልሶ በመክደኛው ይዘጋዋል፤ እንደ ቀለም ጠርሙስ ክዳን መሆኑ ነው። ባለ ሱቁ ግን ማታ ሱቁን ሲዘጋ ዲቫይደሩን ነቅሎ ወይም የመስመሩን ማብሪያ አጥፍቶ የሚሄድ ከሆነ፥ በተለይም መኪናው ገና በሥራ ላይ እንዳለ፥ ሄዱ በመንገድ ላይ ሳይከደን ያድራል። መብራት በድንገት ሲጠፋም የሚሆነው ይኸው ነው። መብራቱ እስኪመለስ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ከሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ባለ ሱቁ ‹‹ዛሬስ አይመጣም›› ብሎ ዘግቶ የሄደ እንደ ሆነ ግን ሌሊቱን ሙሉ አየር ሲመታው ያድራል። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው የደጋው ደረቅ ወራት ይህ በአንድ ሌሊት ቀዳዳ ለመዝጋት ይበቃል። ቅዳሜ ማታና ሰኞ ጠዋት የሚለያዩትም ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሣ ነው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ማታ በመኪናው ቁልፍ አጥፍቶ፥ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለቱን እስኪያቆም ጠብቆ፥ ከዚያ በኋላ ሶኬቱን መንቀል ነው። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ ሄዱ ወደ ማረፊያው እስኪመለስ ብቻ ኀይል የሚሰጥ አነስተኛ ዩ.ፒ.ኤስ. ማስገባት ከአንድ ሄድ ዋጋ በብዙ ያነሰ ወጪ ነው። ስታቢላይዘር ግን ይህን ሥራ አይሠራም፤ እርሱ የኤሌክትሪኩን ከፍታና ዝቅታ ያስተካክላል እንጂ በጠፋ ጊዜ የሚተካ ኀይል የለውም። ሥራ በሌለበት ወቅት፥ ለምሳሌ ባለ ሱቁ ለበዓል ወደ አገር ቤት ከመሄዱ በፊትና እንደተመለሰ፥ ወይም በሳምንት አንድ ጊዜ፥ ሁሉም ቀለም ያለበት አንድ ትንሽ ፎቶ ማተም ቀለሙ በቀዳዳው እንዲንቀሳቀስ ያደርጋል። የመኪናው ስፍራም ከመንገድ አቧራ የራቀና ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ይሁን። ብዙዎቹ መኪናዎች የተሠሩት ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት እንዲያገለግሉ ስለ ሆነ፥ በድሬዳዋና በአፋር ቆላ የሚሠራ ሰው በቀትር ሰዓት ከማተም የጠዋቱን ቀዝቃዛ ሰዓት ቢመርጥ ይጠቀማል።

ክፍተቱ የሚዘዋወር፥ ማለትም አየር የገባበት ሕመም ከሆነ ግን ማጽዳትን መደጋገም አየሩን ማብዛት ነው። በመጀመሪያ የታንኩን ከፍታ መመልከት ነው። ቀለሙ ከታችኛው ምልክት በታች ወርዶ ሳለ ሲታተም ከቆየ ቱቦው አየር ጠጥቷል። ሞልቶ፥ መኪናውን አጥፍቶ፥ አንድ ሌሊት አሳድሮ በማግስቱ አንድ ጊዜ ማጽዳት አብዛኛውን ያስተካክለዋል። ኤል 805ን በመሰሉ መኪናዎች ላይ የቀለሙን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋ የማጓጓዣ መቆለፊያ አለ። መኪናው ከአስመጪው መጋዘን ወደ ሱቅ፥ ወይም ከሱቅ ወደ ሱቅ ሲጓዝ ይዘጋል፤ ከተተከለ በኋላ መክፈት የረሳ ሰው አንድ ሁለት ፎቶ በደኅና አትሞ ወዲያው ቀለሙ እየሳሳ ሲሄድ ያያል። ይህን መቆለፊያ ሳያዩ ሄድ የሚያስለውጡ አሉና ሻጩ መኪናውን ሲያስረክብ በጣቱ ቢያሳይ መልካም ነው።

ስለ ቀለም ብዙ ክርክር አለ። አስመስሎ የተሠራ ሁሉ መጥፎ ነው፥ ኦሪጅናል የተባለም ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይቻልም፤ ጠርሙሱ ራሱ ተመስሎ ይሠራልና። እርግጥ የሆነው ነገር ግን የቀለም ዐይነት ሁለት መሆኑ ነው። አንደኛው በፈሳሹ ውስጥ ሟሙቶ ያለ ነው፤ ሌላው ረቂቅ ዱቄት ሆኖ በፈሳሹ ውስጥ ተንሳፍፎ የሚገኝ፥ ፒግመንት የሚባል ነው። ለመጀመሪያው በተሠራ መኪና ውስጥ ሁለተኛውን ማስገባት፥ ወይም ታንኩ ግማሽ እያለ ከሌላ ፋብሪካ የመጣ ቀለም መጨመር፥ በቱቦው ውስጥ ዝቃጭ ሊፈጥር ይችላል፤ ይህን ዝቃጭ ማጽዳት ቀላል አይደለም። ኤል 805 የሚጠቀመው 673 የሚል ቁጥር ያለውን፥ በ70 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ የሚሸጠውን የሟሙ ቀለም ነው። ጥቁሩ 6731 ሲሆን፥ ፈዛዛው ማጀንታ 6736 ነው። ሳያንን በፈዛዛ ሳያን ታንክ ውስጥ የጨመረ ሰው ኖዝል ቼኩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ፎቶው ሰማያዊ ሲሆንበት ምክንያቱን ፈልጎ አያገኝምና፥ ሲሞሉ ቁጥሩን ከታንኩ ቀለም ጋራ ማስተያየት ያስፈልጋል።

ኖዝል ቼኩ ሙሉ ከሆነ በኋላ ፎቶው የተበላሸ እንደ ሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወረቀቱ ነው። የፎቶ ወረቀት ቀለም የሚጠጣ ልባስ አለው። በተሳሳተው ገጽ ላይ ከታተመ ቀለሙ ይንሳፈፋል፥ ጫፎቹም ይደበዝዛሉ። ገጹን ለማወቅ ጣትን በጥቂቱ አርጥቦ በማእዘኑ ላይ መንካት ነው፤ የሚጣበቀው ወገን ልባስ ያለበት ነው። ከዚህ የባሰው ስሕተት ግን ለሌዘር ማተሚያ የተሠራውን አንጸባራቂ ወረቀት መግዛት ነው። ሁለቱም ያብረቀርቃሉ፥ በማሸጊያቸውም ይመሳሰላሉ፤ የሌዘሩ ወረቀት ግን የቀለም ፈሳሽን ስለማይጠጣ ነጠብጣቦቹ እንደ ዝናብ ጠብታ ተሰብስበው ይቀራሉ፥ ሰዓት ሙሉም አይደርቁም። ደንበኛው ፎቶውን በጣቱ ሲነካው ቀለሙ አብሮት ይሄዳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ወረቀቱ እርጥበት እየጠጣ ይጎብጣል፤ የጎበጠ ወረቀት ከሄዱ ጋራ ይነካካና ጫፉ ላይ የቀለም ጭረት ይተዋል። የተከፈተ ጥቅል በላስቲኩ ተጠቅልሎ በጠፍጣፋ ስፍራ ይቀመጥ።

ወረቀቱን በትክክል መግዛት ብቻ አይበቃም፤ ለመኪናውም ወረቀቱ ምን እንደ ሆነ መንገር ያሻል። በማተሚያው ትእዛዝ ላይ ያለው የወረቀት ዐይነት የሚለው መስመር ምን ያህል ቀለም እንደሚረጭና ወረቀቱ በምን ያህል እርምጃ እንደሚገፋ የሚወስን ነው። አንጸባራቂ ወረቀት አስገብቶ ተራ ወረቀት ብሎ ያዘዘ ሰው የደበዘዘና የሸካረ ፎቶ ያገኛል። ነጭ ወይም ጥቁር መስመር በየ2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል እየተመላለሰ የሚታይ ከሆነ፥ ኖዝል ቼኩም ሙሉ ከሆነ፥ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው፤ ወይም ሄዱ አሰላለፉን ስቷል፤ አላይመንት የሚባለውን ትእዛዝ ሰጥቶ ማስተካከል ነው። ቁም መስመሮች ድርብ ሆነው የሚታዩትና ፊደል የሚደበዝዘውም በዚሁ ይስተካከላል። ሄዱ ስፍራውን የሚያውቅበት ቀጭን ግልጽ የላስቲክ ክር በቀለም ወይም በአቧራ ሲቆሽሽ ደግሞ ሥዕሉ በድንገት ወደ ጎን ይዘላል፤ በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብሎ መጥረግ ይበቃል፥ እንዳይወልቅ ግን ጥንቃቄ ይሻል።

የመልክ ነገር ከሁሉ ይልቅ ደንበኛን የሚያስቆጣ ነው። ለአሜሪካ ቪዛ የሚቀርበው 51 በ51 ሚሊ ሜትር፥ ለሸንገን አገሮች የሚቀርበው 35 በ45 ሚሊ ሜትር የሆነው ጉርድ ፎቶ የሰውየውን መልክ በትክክል ማሳየት አለበት፤ የቀጠሮውን ቀን ጠብቆ ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው በፎቶ ምክንያት ቢመለስ ኪሳራው የአንድ ወረቀት ዋጋ አይደለም። የጠይም ፊት መልክ የሚሠራው በዋነኛነት ከቢጫና ከማጀንታ፥ ከጥቂት ሳያንና ጥቁር ጋራ ተደባልቆ ነው። ስለዚህ ፊቱ አረንጓዴ ከመሰለ የጎደለው ማጀንታ ነው፤ ከቀላ ሳያን ጎድሏል፤ ወደ ወይን ጠጅ ካደላ ቢጫው አልመጣም። ኖዝል ቼኩ ሦስቱንም ሙሉ አድርጎ ካሳየ ግን ኮምፒውተሩን መመርመር ነው። የፎቶ ማረሚያው ፕሮግራም ቀለሙን አስተካክሎ የላከውን የመኪናው ፕሮግራም እንደገና የሚያስተካክለው ከሆነ መልኩ ይዛባል፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ እንዲያስተካክል ማዘዝ ይገባል። ፎቶው ከስክሪኑ ይልቅ የጨለመ መስሎ ከታየ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመኪናው አይደለም፤ ስክሪኑ ከመጠን በላይ በርቷል። የታተመውንም በሱቅ አምፑል ሥር አይቶ ከመፍረድ በመስኮት ብርሃን ማየት ይሻላል።

ዛሬ አምሮ የወጣው ፎቶ በስድስት ወር የሚገረጣ ከሆነ ይህም የማተም ጥራት ጉዳይ ነው። የሟሙ ቀለም ከፒግመንት ይልቅ ለፀሐይና በአየር ውስጥ ላለው ኦዞን ይሸነፋል፤ በቪትሪን ላይ የተሰቀለው የሠርግ ፎቶ ቀድሞ የሚገረጣውም ስለዚህ ነው። ፎቶው ቢያንስ አንድ ቀን ደርቆ በመስታወት ፍሬም ወይም በላሚኔሽን ቢሸፈን ዕድሜው ይረዝማል። ሳይደርቅ ቢሸፈን ግን በውስጡ የቀረው እርጥበት መስታወቱን ያደበዝዘዋል።

ለአስመጪዎችም የሚሆን ጥቂት ነገር አለ። ቀለም እንደ መድኃኒት የአገልግሎት ጊዜ የተጻፈበት ዕቃ ነው፤ በጂቡቲ ወደብ ወይም በሞጆ ደረቅ ወደብ በሙቀት ውስጥ ከቆየ በኋላ ጊዜው ሊያልፍ የቀረበ ጠርሙስ በርካሽ ተገዝቶ ቢመጣ፥ ትርፉ በደንበኞች ሄድ ይከፈላል። ትእዛዝ ሲሰጥ ቢያንስ የአንድ ዓመት ጊዜ የቀረው እንዲላክ በውሉ ውስጥ ማጻፍ ያስፈልጋል። ስድስቱ ቀለማት ደግሞ በእኩል አያልቁም፤ ጉርድ ፎቶ የሚበዛበት ሱቅ ፈዛዛ ማጀንታና ቢጫን ሲጨርስ ጥቁሩ ገና ግማሽ ነው። ስድስቱን በእኩል ቁጥር የሚያስመጣ ሰው ጥቁሩ በመደርደሪያው ላይ ሲያረጅ፥ ገበያው ደግሞ ፈዛዛውን ሲያጣ ያያል። ያን ጊዜ ነው ባለ ሱቁ ከየትም ያገኘውን ቀለም በታንኩ ውስጥ የሚጨምረው። ከማዘዙ በፊት ከቋሚ ደንበኞቹ የትኛው ቀለም በወር ስንት ጠርሙስ እንደሚሄድ ጠይቆ በዝርዝር መጻፍ፥ ከዚያም ጋራ መክደኛ፥ መጥረጊያ ጎማና የቀለም መምጠጫ በጥቂቱ ማስገባት፥ ሄድ በብዛት ከማስመጣት ይልቅ ገንዘቡን ቶሎ ያመላልስለታል።